ክንዴ በሊማሊሞ ሰማይ፣ ስፖንሰሮቹም በምድር

ክንዴ ሀብተ ሚካኤል የተወለደው ከዳባት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ የገብስ አገር ነው። አባቱ ሚካኤልን በዓመት አንድ ጊዜ የሚዘክር፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሳይካሰስ የኖረ ገበሬ ነበር፤ ይህም በእኛ አገር ትንሽ ትሩፋት አይደለም። ልጁን ዳዊት ካስደገመው በኋላ ለዲቁና አስቦት ወደ መሪጌታ ዓለምብርሃን ወሰደው። የክንዴ ድምፅ ግን ለዜማ አልተፈጠረም ነበር። ሲያዜም ድንጋዩ እንደላላ ወፍጮ ስለሚንገራገጭ፣ የኔታ ሁለት ዓመት ታግሠው በሦስተኛው፣ "ይህ ልጅ እግዚአብሔርን በሌላ መንገድ ያገለግለዋል" ብለው በደግነት አሰናበቱት። ሌላው መንገድ የትኛው እንደሆነ አልነገሩትም፤ እርሳቸውም አያውቁትም ነበርና።

ክንዴም በቅሎ ነጂ ሆነ። ከደባርቅ በቡይት ራስ አድርጎ እስከ ጊች ድረስ የቱሪስት ዕቃ እየጫነ አሥራ አራት ዓመት ተመላለሰ። በእነዚህ ዓመታት ሰው ለእረፍት ብሎ የሚሸከመውን ዕቃ ሁሉ አየ። ከዕለታት በአንዱ ግን ከስዊዘርላንድ የመጣ አንድ ጠና ያለ ሰው፣ ከራሱ ቁመት የማያንስ ሻንጣ አስጭኖ፣ በየማረፊያው እየወረደ ሻንጣውን እንደ ሕፃን ይዳብስ ጀመር። ክንዴ ምን እንዳለበት ቢጠይቀው፣ "ክንፍ" አለው። ክንዴም ሰውየው ከፍታው ራሱን እንዳዞረው ቆጥሮ ውኃ አጠጣው።

ሻንጣው ውስጥ የነበረው በእርግጥም ክንፍ ነበር። ከሐር የሳሳ ሰፊ ጨርቅ ሆኖ፣ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ወርደውለት፣ ከገመዶቹ ሥር ሰው የሚቀመጥበት ወንበር አለው። የደባርቅ ሰው ጃንጥላ ይለዋል፤ ክንዴ ግን ክንፍ ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። በተራራው ፓርክ ውስጥ መብረር ዋልያውን ያስደነግጣል ተብሎ ስለተከለከለ፣ እንግዳው ከፓርኩ ክልል ውጭ ወዳለው የሊማሊሞ አፋፍ ሄደ። ከዚያም እንደ አሞራ ወደ ቆላው ተንሸራተተ። ክንዴ በቅሎዋን ይዞ ቀርቶ አየው። ያን ቀን በቅሎዋ ሣር ሳትበላ እንደዋለች ሚስቱ ወርቄ እስከ ዛሬ ታወሳለች።

እንግዳው በየዓመቱ እየመጣ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ክንዴን ከትንሽ ጉብታ እስከ ገደሉ አፋፍ አስተማረው። በአራተኛው ዓመት ጉልበቱ እምቢ ስላለው፣ ክንፉን፣ ክንፉ ቢከዳ የሚዘረጋ አንድ ተጠባባቂ ጃንጥላ ጨምሮ፣ ለክንዴ ትቶለት አገሩ ገባ።

ክንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው በርሮ ያረፈው ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው ቆላ፣ በአንድ ገበሬ አውድማ ላይ ነው። አውድማው ላይ የነበሩት ሰዎች ሸሹና ቄስ ይዘው ተመለሱ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፊታቸው አድርገው ከሩቅ ቆሙ።

"ከየት መጣህ?" አሉት።

"ከደባርቅ፣ አባቴ።"

"ክርስቲያን ነህን?"

ክንዴ ማተቡን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ አሳያቸው። ይህን ጊዜ ባለ አውድማው ከኋላ ሆኖ፣ "ክርስቲያንማ ከሆነ የበተነውን ጤፍ ይልቀም" አለ። ክንዴም ክንፉን አጥፎ እስኪመሽ ድረስ ጤፍ ሲጠርግ ዋለ።

ቀጥ ብሎ መብረር ግን አላረካውም። እንግዳው ትቶለት በሄደ ስልክ ውስጥ፣ በውጭ አገር በአየር ላይ እየተገለባበጡ ሕዝብ የሚያስደንቁ ሰዎች ይታዩ ነበር። ጥበቡ እንዲህ ነው፦ በራሪው ከክንፉ በታች ተንጠልጥሎ ሳለ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ፍጥነት ይሰበስባል፤ ፍጥነቱ ሲሞላ በክንፉ አናት ላይ ዞሮ ያልፋል። ያን ጊዜ ሰማይ በእግሩ፣ ምድርም በራሱ በኩል ትሆናለች። ይህን የሚማሩ ሰዎች ቢወድቁ እንዲተርፉ ከሐይቅ በላይ ይለማመዳሉ። ሊማሊሞ ሐይቅ የለውም፤ ያለው ከፍታና የግራር እሾህ ነው። ክንዴ ከፍታውን ሲጠቀም ሁለት ዓመት ቆየ። ሁለት ጊዜም በገዛ ክንፉ ውስጥ ተጠቅልሎ በተጠባባቂው ጃንጥላ ወረደ። በሁለተኛው ጊዜ ያረፈው ግራር ላይ ነበርና፣ ወርቄ በወረንጦ እሾህ እየነቀለችለት፣ "ከበቅሎ የወደቀ ሰው አይቻለሁ፤ ከሰማይ ወድቆ ለራት የሚደርስ ግን አንተን ብቻ ነው ያየሁት" አለችው።

በሦስተኛው ዓመት ግን ተገለበጠ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ሦስት ጊዜ። የሊማሊሞን መንገድ በጭነት መኪና ይወርድ የነበረ አንድ ሾፌር በስልኩ ቀረጸው፤ ምስሉም ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ አዲስ አበባ ደረሰ። በነሐሴ ወር ሠርካለም የምትባል፣ የአየር ላይ ትርዒት አዘጋጆችን የምትወክል ሴት ደወለችለት። በየካቲት ከመዲናዋ ውጭ ትልቅ ትርዒት እንደሚደረግ፣ የክንዴንም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ልትጽፍ እንደምትወድ ነገረችው። ሁለት ነገር ግን ጠየቀችው። በመጀመሪያ፣ በጥቅምት ወር ራሷ መጥታ ሦስት ጊዜ ሲገለበጥ በዐይኗ ማየት አለባት። ሁለተኛ፣ የእንግዳው ክንፍ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ስለሆነ ኢንሹራንስ አይቀበለውም፤ አዲስ ክንፍ ገዝቶ የሚሰጠው ስፖንሰር ማግኘት አለበት። ስፖንሰሩም በዚያው ቀን በቦታው ተገኝቶ ይፈርማል።

ወርቄ ነገሩን ሰምታ የራሷን ውል ጨመረች። እስከ ኅዳር መጨረሻ አዲሱ ክንፍ ካልተገኘ፣ አሮጌው ጨርቅ የእህል መሸፈኛ ይሆናል፤ ክንዴም ወደ በቅሎዎቹ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ስለ ነፋስ አይወራም። ክንዴ ተስማማ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ጨርቁም አርጅቶ በፀሐይ ሲዘረጉት ብርሃን ማሳለፍ ጀምሮ ነበርና ውሉ ትክክል መሆኑን ያውቃል።

በመጀመሪያ የሄደው ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የሰው ገመና መግለጥ አልተማርንም። ኃላፊው ወንበር ሰጥተው፣ ምስሉን ሁለት ጊዜ አይተው፣ ዐይናቸውም እንባ አቅርሮ፣ በጀት ባይኖራቸውም ሞራል እንዳላቸው ገለጹለት። ከዚያም የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤው ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት የሚወስድ ነበር፤ በዚያም ስለ መጀመሪያው ደብዳቤ ትክክለኛነት የሚመሰክር ሁለተኛ ደብዳቤ ተሰጠው። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ሰበሰበ፤ ሁሉም ክብ ማኅተም ያረፈባቸው፣ ሁሉም "አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት ዘንድ" የሚሉ፣ አንዱም ትብብሩን ማን እንደሚያደርገው የማይገልጽ። ወርቄ ደብዳቤዎቹን አልጋ ላይ ደርድራ ካየች በኋላ፣ "እነዚህን ሰፍተህ ለምን አትበርባቸውም?" አለችው።

ከዚህ በኋላ ወደ ነጋዴዎቹ ዞረ። በደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ወይዘሮ ጤናዬ የሚባሉ ብልህ ሴት ሆቴል አላቸው፤ ስሙም "ክርስቶስ ሠምራ ሆቴል" ይባላል። ጻድቋ፣ በረከቷ ይደርብንና፣ ሰይጣንን ከእግዚአብሔር ጋር ልታስታርቅ የለመነች እናት ናት፤ ሆቴሉ ደግሞ ቢራ ይሸጣል። ስሙን ያወጡት በስለት እንደሆነ ስለምናውቅ ማናችንም ነቅፈናቸው አናውቅም። ጤናዬ ክንዴን እስከ መጨረሻው አዳምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ክንፉ ላይ የሚጻፍ ስም ከመሬት ምን ያህል ትልቅ ሆኖ ይታያል አሉት። እርሱም ከሆቴሉ ሰሌዳ እንደሚበልጥ ነገራቸው። የክንፉን ግማሽ ዋጋ ሊከፍሉ ተስማሙ።

ወሬው በሳምንቱ ዳባት ደረሰ። በዚያም አቶ ገዱ የሚባሉ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት አሉ፤ ዱቄታቸው "ሩፋኤል ዱቄት" ይባላል። የዳባት ሰው ደባርቅ አንድ ነገር ሲጀምር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትምና፣ አቶ ገዱ ክንዴን ራሳቸው አስጠርተው ሌላውን ግማሽ እንደሚከፍሉ ነገሩት። ይልቁንም "የተወለድኸው በእኛ ወረዳ ነው፤ በደባርቅ ስም መብረር ነውር ነው" ብለው ወቀሱት። ክንዴ ያን ቀን ከዳባት እስከ ደባርቅ በእግሩ ሄደ፤ መኪና አጥቶ ሳይሆን ደስታው ወንበር ላይ አላስቀምጠው ብሎ ነው።

ደስታው አንድ ሳምንት ቆየ። ሁለቱ ስፖንሰሮች የማን ስም በቀኝ፣ የማን በግራ እንደሚሆን መስማማት አልቻሉም። ይህ ለሌላ አገር ሰው ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ግብዣ ተጠርቶ የሚበላውን ሳይሆን የሚቀመጥበትን ቦታ አስቦ ነው ከቤቱ የሚወጣው፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ሰው ጥጋብ አያገኝም። ስለዚህ እንደ አገሩ ሥርዓት ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበርን፤ ሰብሳቢያችን መሪጌታ ዓለምብርሃን ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ይህን የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ፣ ከዚህ በኋላ የምነቅፈው ቢኖር ከራሴ ጋር ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠን፣ ቀድመው ቃል ስለገቡ ቀኙ ለወይዘሮ ጤናዬ ይሁን፣ ግራው ለአቶ ገዱ ሆኖ ፊደሉ በአንድ ስንዝር ይርዘም ብለን ፈረድን። በማግስቱ ሁለቱም ቅር ተሰኝተው መጡ፤ ቀኝ የተባለው የሚያየው ሰው ቀኝ ነው ወይስ የክንፉ? በሁለተኛው እሑድ የኔታ፣ "ቀኝ ማለት የባለቤቱ ቀኝ ነው፤ ክንፍም የራሱ ቀኝ አለው" ብለው ቈረጡ። የቤተ ክርስቲያን አልባሳት የሚሰፋው ኪዳነ ማርያም ፊደሎቹን በከፋይ ጨርቅ ላይ በወርቅ ክር ሊጠልፋቸው ተነሥቶ ነበር። ክንዴ ግን ክብደቱም የመርፌው ቀዳዳም ክንፉን እንደሚገድሉት ለምኖ አስረድቶት፣ በስስ ጨርቅ ተቈርጠው በማጣበቂያ እንዲለጠፉ ተወሰነ። ለሙከራው ቀን በአሮጌው ክንፍ ላይ ይለጠፋሉ፤ አዲሱ ሲመጣ ወደ እርሱ ይዛወራሉ።

በሦስተኛው እሑድ ለመመረቅ ብቻ ነበር የተሰበሰብነው። አቶ ገዱ ግን ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው ኖሮ፣ ምርቃቱ ሳይጀመር ጥያቄ አለኝ አሉ።

"ይህ ልጅ ይገለበጣል ተብሏል። በተገለበጠ ጊዜ ከእኔና ከእትዬ ጤናዬ ማን ከላይ ይሆናል?"

ክንዴ እውነት መናገር ስፖንሰር ለሚፈልግ ሰው እንደማይጠቅም ገና አልተማረም ነበር። "ሁለታችሁም ከታች ትሆናላችሁ፣ ጋሼ ገዱ" አለ። "ያን ጊዜ ከላይ የማልፈው እኔ ነኝ።"

"ማለት?"

"እግሬ ከክንፉ በላይ ያልፋል። መገለበጥ ማለት እርሱ ነው።"

የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "እግርህ" አሉ በዝግታ፣ "ከመልአኩ ስም በላይ?"

ከዚህ በኋላ የተነገረው ብዙ ነው። አንዱ ሽማግሌ የቅዱሳኑ ስም ቀርቶ የባለቤቶቹ ስም ይጻፍ አለ። ጤናዬ በሕይወት ሳለሁ ስሜን የሚዘቀዝቅ ማን ነው ብለው ተቈጡ፤ አቶ ገዱም ግብር የሚከፍሉት በመልአኩ ስም እንጂ በራሳቸው እንዳልሆነ አስታወሱ። ስሙ ቀድሞ ተገልብጦ ቢጻፍ በሚገለበጥበት ጊዜ ይቃናል የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ የኔታም እግሩስ የት ይሄዳል ብለው መለሱት። ስሙ ያጥር የሚል ሦስተኛ ሐሳብ ተነሣ፤ ያጠረ መልአክም መልአክ ነው ተባለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሐሳብ ሆንን፤ እንዲህም ፈረድን፦ ክንዴ ይብረር፤ ስሙንም በክብር ይሸከም፤ ነገር ግን አይገልበጥ።

ሁለቱም ስፖንሰሮች ደስ አላቸው። እኛም ሃይማኖትንና ልማትን አስታርቀናልና ደስ አለን። ክንዴ ብቻ ቆሞ ቀረ። "የኔታ" አለ፣ "እኔን የጠሩኝ ለመገለበጥ ነው። ሳይገለበጡ መገለበጥ እንዴት ይሆናል?"

"በልብ ይሆናል፣ ልጄ" አሉት የኔታ።

ክንዴ እጅ ነሥቶ ወጣ። ለሠርካለም ደውሎ ፍርዱን ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎም ሦስት ጊዜ ካልተገለበጠ ስሙን ልትጽፍ እንደማትችል፣ ከእርሷም በላይ አለቃ እንዳለ ነገረችው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ቢገለበጥ ስፖንሰሮቹ አይፈርሙም፤ ባይገለበጥ ትርዒቱ አይቀበለውም። በሁለቱም በኩል የሚጠብቀው የእህል መሸፈኛ ነው።

የጥቅምት አንዱ ቅዳሜ የሙከራው ቀን ሆነ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ድምፅ ማጉያ ቆመ። ወይዘሮ ጤናዬ ከሆቴላቸው በር የሚነጠፈውን ሰፊ ምንጣፍ አምጥተው ለእንግዶች እግር ዘረጉ፤ አቶ ገዱም በገለባ የተሞሉ ጆንያዎች ለመቀመጫ አስደረደሩ። ሠርካለም ጂንስ ሱሪና የፀሐይ መነጽር አድርጋ፣ ቅጽዋን በክንድዋ ይዛ፣ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከማለዳው ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ ከቆላው ወደ ላይ በለስላሳው ይነፍስ ነበር፤ ለመነሣት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። በዚያው ሰዓት ግን የመጀመሪያውን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉት ኃላፊ ንግግር ጀመሩ። ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ወጣቱ፣ ስለ መልካም ገጽታ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ነፋስ ግን የንግግር ሥነ ሥርዓት አያውቅም፤ በመካከሉ ደከመ።

ክንዴ ወንበሩን ታጥቆ፣ የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ነፋሱ እስኪመለስ ይጠብቃል። አሮጌው ክንፍ ከኋላው ሣር ላይ ተዘርግቷል፤ በቀኙ ጻድቋ፣ በግራው መልአኩ ተለጥፈውበታል። ፊቱን ያየ ሰው ለቀብር የወጣ ይመስለው ነበር። ሽማግሌዎቹን ለመሰናበት ወደ ድንኳኑ ቀና ሲል ግን ዐይኑ አንድ ነገር ላይ ቀረ። ወንበሩ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ እየተወዛወዘበት ወደ እኛ መጣ።

"የኔታ፣ አንድ ጊዜ ብድግ ይበሉልኝ።"

"ለምን?"

"ብቻ ይበሉልኝ። እናንተም፣ አባቶቼ።"

ብድግ አልን። ክንዴም የተነሣንበትን በጣቱ አሳየን። ጆንያው ላይ በሰማያዊ ቀለም ክንፉን የዘረጋ መልአክ ታትሟል፤ ከሥሩም "ሩፋኤል ዱቄት፣ አንደኛ ደረጃ፣ ሃምሳ ኪሎ" ይላል። የመልአኩ ፊት ከእኛ ክብደት የተነሣ ተጨራምቷል። ክንዴ ጣቱን ዝቅ አደረገና እግራችንን አሳየን። ቆመን የነበረው "ክርስቶስ ሠምራ ሆቴል፣ እንኳን ደህና መጡ" በሚል ጽሑፍ ላይ ነው። የጠዋቱ ጭቃ በ"ሠምራ" ላይ ደርቋል።

"እኔ ከስማቸው በላይ የማልፈው" አለ ክንዴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ላለች ጊዜ ነው። እናንተ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጣችሁበታል።"

ከሩቅ የሠርካለም ሳቅ ተሰማ፤ እርሱም ወዲያው ተቋረጠ። ጤናዬ ቀስ ብለው ከምንጣፉ ወረዱ፤ አሥር ዓመት በዚያ ምንጣፍ እንግዳ ተቀብለዋል። አቶ ገዱም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ጆንያው የአምና ነው" አሉ።

የኔታ ዓለምብርሃን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። መቋሚያቸውን ሣር ላይ አኖሩ፤ ከዚያም ተንበርክከው ጆንያውን ተሳለሙ። ሲነሡ ልንደግፋቸው ብንሞክር ከለከሉን።

"ሦስት እሑድ ሙሉ የሰውን እግር ስንመዝን" አሉ፣ "የራሳችንን መቀመጫ አላየንም። ፍርዱ ተሽሯል። ስሙን ከክንፉም ከጆንያውም ከምንጣፉም አንሡ። ልጁ ሥራውን ይሥራ።"

"ስሜ ከሌለ እኔ ምን ብዬ ልፈርም ነው?" አሉ አቶ ገዱ።

የኔታ በእጃቸው ወደ ክንፉ አመለከቱ። ክንዴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ላጣቸው፤ የጻድቋን ስም በሁለት እጁ ለጤናዬ፣ የመልአኩን ስም ለአቶ ገዱ ሰጠ። ሁለቱም እቅፋቸው ሙሉ ፊደል ይዘው ቆሙ፤ የት እንደሚያስቀምጡትም ቸገራቸው፤ ከእንግዲህ መሬት ላይ መጣል አይቻልምና። ለክንዴ የቀረው ባዶ ክንፍ ብቻ ነበር። ስፖንሰር አልነበረውም፤ የመጨረሻ በረራውም ሊሆን ይችል ነበር። ያን ጊዜ ነፋሱ ተመለሰ።

ሦስት እርምጃ ሮጠ፤ በአራተኛው መሬት አልነበረም። ከገደሉ ርቆ፣ የሊማሊሞ መንገድ እንደ ተጣለ ገመድ ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ሄደ። ከዚያም መወዛወዝ ጀመረ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እየሰፋ፣ እየፈጠነ። አሮጌው ጨርቅ እንደ ጅራፍ ሲጮኽ አፋፉ ድረስ ይሰማል። ጤናዬ "በስመ አብ" ብለው ጀምረው "ወመንፈስ ቅዱስ" ሳይደርሱ፣ ክንዴ በክንፉ አናት ላይ ዞሮ በዚያኛው በኩል ወረደ። ኃላፊው ሳያውቁት በድምፅ ማጉያው "አንድ" አሉ። ቀጥሎ "ሁለት" አሉ። በሦስተኛው ክንፉ በአንድ በኩል ታጠፈ፤ ገመዶቹ ላሉ። ክንዴ አንድ እጁን እስከ ዳሌው ሳበ፤ ጨርቁ ተነፋ፤ እርሱም አለፈ። ማንም "ሦስት" ለማለት ድምፅ አልነበረውም። የኔታ ብቻ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ይህ ነው ሌላው መንገድ" አሉ።

ከቆላው በሰላም ማረፉን በስልክ ሲነግረን ሠርካለም ቅጽዋን ዘርግታ ቆማ ነበር። "እሺ፣ ስፖንሰሩ ማን ነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አሉ ጤናዬ።

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ገዱ።

"ጽሕፈት ቤታችን ነው" አሉ ኃላፊው።

አቶ ገዱ ወደ ጤናዬ ዞረው፣ ስም የሌለበትን ነገር ስፖንሰር ማድረግ ምን ጥቅም እንዳለው ጠየቋቸው። ጤናዬ በንግድ ሠላሳ ዓመት የቆዩ ሴት ናቸው፤ ስሙ ተጽፎ ቢሆን የበረራው ዝና ግማሹ የእርሳቸው፣ ግማሹ የአቶ ገዱ ይሆን እንደ ነበር፣ ባዶ ሲሆን ግን በሆቴላቸው ሙሉው የእርሳቸው፣ በፋብሪካው ሙሉው የአቶ ገዱ እንደሚሆን አስረዷቸው። አቶ ገዱ ይህን ከሰሙ በኋላ እስክሪብቶ ለመያዝ ቀደሙ። እንዲያውም ሁለቱም ክንፉ ላይ የማንም ስም እንዳይጻፍ የሚል አንቀጽ በውሉ አስጨመሩ። ዛሬ በደባርቅ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ የክንዴ ፎቶግራፍ "የሆቴላችን በራሪ" ተብሎ ተሰቅሏል፤ በዳባት ፋብሪካው በር ላይ "የዱቄታችን ፍሬ" ይባላል፤ የጽሕፈት ቤቱም የሩብ ዓመት ሪፖርት ሦስቱ መገለበጦች "በተደረገ ያላሰለሰ ክትትል" መፈጸማቸውን ይገልጻል።

አዲሱ ክንፍ ኅዳር ሃያ ቀን ደረሰ። በሆቴሉ ግቢ ተከፈተ፤ ምንጣፍ አልተነጠፈም፤ የኔታም በእንጨት ወንበር ተቀመጡ። ወርቄ የመጣችው ለማየት ሳይሆን ጨርቁን በእጅዋ ዳብሳ ለመፍረድ ነበር፤ ዳብሳም ዝም አለች፤ ይህ ከእርሷ ብዙ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ግን ከዳር እስከ ዳር፣ ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ የባዕድ አገር ፊደላት ታዩ።

"ይህ ምን ይላል?" አሉ አቶ ገዱ።

"የሠሪው ስም ነው" አለ ክንዴ።

"ስሙን ለማጻፍ ስንት ከፈለ?"

"ምንም አልከፈለም፣ ጋሼ ገዱ። የከፈላችሁለት እናንተ ናችሁ።"

አቶ ገዱ ወደ ጤናዬ ተመለከቱ፤ ጤናዬም ወደ ክንፉ። የኔታ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ፊደሎቹን ማንበብ እንደሚችሉ ሁሉ መረመሯቸው።

"ይህ ሰውዬ ጻድቅ ነውን?" አሉ።

"ነጋዴ ነው፣ የኔታ።"

"እንግዲያው" አሉ፣ "ተገልበጥበት።"

በየካቲትም በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፊት፣ ክንዴ ሀብተ ሚካኤል አምስት ጊዜ ተገለበጠበት።